ለፎገራና ለአካባቢዋ ወፍ ቆጣሪዎች የተሰጠ ምክር

ከሁሉ አስቀድሞ ሐሜቱን ይልመዱት። ጤነኛ ሰው አጨዳው ሳያልቅ ጓሮው ተቀምጦ ወፍ ይቆጥራል ሲባል ጎረቤት ዝም አይልም። «ምን ነክቶት ነው?» ሲሉ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ከእርስዎ በፊት ብዙ የተከበሩ ሰዎች በዚሁ ተነክተዋል። በአሜሪካ ድሮ የገና ዕለት ወንዶች በሁለት ጎራ ተከፍለው ጠመንጃ ይዘው ይወጡና ብዙ ወፍና አውሬ የጣለው ወገን ያሸንፍ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባለ የአእዋፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1900 መግደሉ ይቅርና እንቁጠር ብሎ ለመነ። በዚያ ዓመት እሺ ያሉት 27 ሰዎች ናቸው። ቆጠራው ግን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። እንግሊዞችም ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር ወር በጓሯቸው ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ ዛሬ በመቶ ሺዎች ደርሰዋል። ሐሜቱ ከበረታ ይህን ይጥቀሱ። የእኛ ሰው ፈረንጅ ያደርገዋል ከተባለ ነገሩን በግማሽ ያምናል።

ፈረንጁ ታዲያ ወፍ ደጁ ድረስ እንዲመጣለት ብዙ ይለፋል። የእሱ አገር ታኅሣሥና ጥር በረዶ ነው፤ ወፉ የሚለቅመው ስለሚያጣ በዛፍ ላይ ጥሬ ይንጠለጠልለታል፣ ሞራ ይሰቀልለታል፣ የሚጠጣው ውኃ በረዶ እንዳይሠራም ይታሰብለታል። እርስዎ ይህን ወጪ ይርሱት። በወረታ የበጋው መጀመሪያ ሩዝ በየደጁ በሸራ ላይ ተሰጥቶ የሚዋልበት ጊዜ ነው፤ በየሩዝ መፈልፈያው በር የወዳደቀው ስብርባሪ ብቻ የአንድ ቀበሌ ወፍ ያጠግባል። ድግሱ ከተጀመረ ቆይቷል፤ የቀረው እንግዶቹን መመዝገብ ነው።

ልምድ የለኝም ብለውም አይፈሩ። ፎገራ ተወልዶ ወፍ ያልጠበቀ ማን አለ? ሩዙ ወተት ከያዘበት ቀን ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ ሲያወናጭፍ፣ ጅራፍ ሲያጮህ፣ ቆርቆሮ ሲደበድብ የሚውል ልጅ፣ መንጋው ገና በሰማይ ዳር ጠቆር ብሎ ሲታይ የትኛው ወፍ እንደሆነ ያውቃል። በማን ማሳ እንደሚያርፍ፣ የትኛው በአንድ ጩኸት እንደሚነሣ፣ የትኛው ደግሞ ድንጋይ ካላረፈበት ንቅንቅ እንደማይል ጠንቅቆ ያውቃል። ይህን ትምህርት ሌላው ዓለም በመጽሐፍና በሞባይል መተግበሪያ ይፈልገዋል። ለእርስዎ የሚቀረው ዝም ብሎ መቀመጡ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀላል አይምሰልዎት። እጅዎ ድንጋይ ሲፈልግ ካገኙት እርሳስ ያስይዙት።

ከጓሮ እንጀምር። የእንግሊዞቹ ደንብ አንድ ሰዓት ይቀመጡ ይላል፤ አሜሪካኖች በየካቲት የሚያካሂዱት የአራት ቀን የጓሮ ቆጠራ ደግሞ በ15 ደቂቃም ይረካል። እኔ ግን ቡና እንዲፈላ እመክራለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ለአንድ ቆጠራ ልክ ነው። ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ ለሥራ የሚጠራዎት የለም፣ ወፉም የለመደውን ጭስ አይሸሽም። ደንቡ አንድ ነው፤ ከአንድ ዓይነት ወፍ በአንድ ጊዜ አብረው ካዩት ትልቁን ቁጥር ይጻፉ እንጂ እየደመሩ አይሂዱ። ሦስት ዋኖሶች ጌሾው ላይ አርፈው ሄዱ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለት መጡ፤ መልሱ ሦስት ነው። የጎን ቤቷ እትዬ ለአቦልም ለቶናም ለበረካም ብቅ ቢሉ ቤትዎ የገባው እንግዳ ያው አንድ ነው። ይህን ደንብ አልቀበልም ያለ ሰው በአንዲት ድንቢጥ እስከ ማታ መቶ ሊሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ የወረታ ድንቢጥ በዓለም መዝገብ ላይ የት እንደምትደርስ እግዜር ይወቅ።

ድንቢጡን፣ ዋኖሱን፣ ርግቡንና ቁራውን ያውቋቸዋል። ቄራ አጠገብ ከሆኑ አባ ኮዳ ጣሪያዎ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሊያይዎት ይችላል፤ እሱን መቁጠር አያስቸግርም፣ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ግን ልብ ይጠይቃል። አጥሩ ሥር ሣር ካለ ደግሞ ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ከመዳፍዎ የማትበልጥ ሰማያዊ ወፍ ጥቃቅን የሣር ፍሬ ስትለቅም ያገኛሉ፤ ወንዱ በሁለቱም ጉንጩ ላይ ቀይ ምልክት አለው፣ ሴቷ የላትም። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአጠገቧ እየተመላለሰ አላያትም።

ከብት ያለዎት ከሆነ ላሚቱ እግር ሥርም ይፈልጉ። ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ያለ ዕረፍት ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ በሰኮናዎቹ መካከል ትሮጣለች፤ ላሚቱ ስትራመድ የሚነሣውን ዝንብ ከአየር ላይ ቀለብ ታደርጋለች። የቤት ልጅ ትመስላለች፤ ግን ከአውሮፓና ከሩሲያ አካባቢ መጥታ በጋውን የምታሳልፍ እንግዳ ናት። የቀበሌ መታወቂያ አይጠይቋት፤ ብቻ ይመዝግቧት።

ያልታየውን በድምፁ መመዝገብ ይፈቀዳል፤ ወፍ እንዳገሩ ይጮኻልና ጆሮዎን ይመኑት። የማያውቁትን ግን በይሆናል አይሰይሙ፤ መልኩን ጽፈው ይለፉት። አንድ ሰዓት ተቀምጠው ምንም ካልመጣም «ወፍ የለም» ብለው ተነሥተው እንዳይሄዱ። ዜሮውን ይጻፉት። አምና ሠላሳ የነበረበት ቦታ ዘንድሮ ዜሮ ከሆነ፣ ከሠላሳው ይልቅ ዜሮው ብዙ ይናገራል።

ጓሮው ከሰለችዎት ወደ ሜዳው ይውጡ፤ የፎገራ ዝና ያለው እዚያ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከርመው ውኃው ሲሸሽ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ይቀራሉ። ከጥቅምትና ኅዳር ጀምሮ ግራጫው ሽመላ፣ አንዳንዶች ክሬን የሚሉት፣ እዚያ ይወርዳል። ቁመቱ ከሜትር ያልፋል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ይበልጣል፤ አናቱ ላይ ቀይ፣ በአንገቱ ጎን ነጭ መስመር አለው። ሲበር አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል፤ አንገቱን አጥፎ የሚበር ረጅም እግር ወፍ ካዩ ሌላ ነውና አይሳሳቱ። በኢስቶኒያና በፊንላንድ የሳተላይት መከታተያ ከታሰረባቸው መካከል ኢትዮጵያ ድረስ ዘልቀው የከረሙ አሉ። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የሚመጣው ለፎገራ ቃርሚያ ነው፤ የሩዛችንን ጣዕም ከዚህ በላይ ማን ይመስክርልን። አብረውት ወርቃማ ዘውድ የደፋው የአገሬው ሽመላና፣ በዕድል ከሆነ ደግሞ ከአገጩ ሥር ሁለት ጉትቻ ያንጠለጠለው ትልቁ ዘመዱ ይገኛሉ። ጉትቻ ያለውን ካዩ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ፤ ብርቅ ነው።

ሽመላ ቀን ቀን በየማሳው ተበታትኖ ስለሚውል መቁጠሪያው ማታና ንጋት ነው። ጅብና ቀበሮ እንዳይደርሱበት ጥልቀት በሌለው ውኃ መካከል ቆሞ ያድራል፤ ወፍ ሲንጫጫ ደግሞ ቡድን ቡድን እየሆነ ይነሣል። ስለዚህ ከመንጋቱ በፊት ይድረሱ፤ የዋልካው ስንጥቅ በጨለማ እግር ይውጣልና ቁርጭምጭሚትዎን ይጠብቁ። መንጋው ሲነሣ አንድ አንድ እያሉ መቁጠር አይሞክሩ። አሥሩን ይቁጠሩና ያ አሥር በሰማይ ላይ ስንት ስንዝር እንደያዘ በዓይንዎ ይያዙ፤ በዚያው ልክ መቶውን ይለኩ፣ መቶ መቶ እያሉ መንጋውን ይጨርሱ። በጣና ዙሪያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሽመላ የሚከርምበት ዓመት አለ፤ በጣት የሚቆጥር ሰው አንደኛውን ሺ ሳይጨርስ ወፉ ማሳ ገብቶ ቁርሱን ይጨርሳል። ደግሞም እቅዳችን ይህን ያህል ነበር ብሎ 104 በመቶ ማሳካት የለም። ወፍ ዕቅድ አይሰጠውም።

ስለ ቀኑ እናንሣ። የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምሮ ከ1991 ወዲህ በአፍሪካም በየዓመቱ በጥር የሚካሄድ ነው፤ ወፉ በማረፊያው ረግቶ የሚቀመጥበት ወቅት ስለሆነ ተመረጠ። ቀኑን የመረጡት ሰዎች ግን ጥርን እንደማያውቁት ያስታውቃል። ጥር ለእኛ ከተራ ነው፣ ጥምቀት ነው፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ሦስት ሰርግ ቀርቶ ሽመላ ቆጠራ የሄደ ሰው እስከ ፍልሰታ ይወቀሳል። ስለዚህ ቆጠራውን ከከተራ በፊት ያጠናቅቁት፤ ካልቻሉም ከሰርጉ ቤት ሳይነጋ ይውጡና ከቆጠራው በኋላ ለቁርስ ይመለሱ። ሙሽራው እንደሄዱ እንኳ አያውቅም። በአገራችን ይህን ሥራ በማስተባበር የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው፤ ብቻዎን ከመቁጠር ከባለሙያ ጋር መቁጠር ቁጥርዎን ተቀባይ ያደርገዋል።

መነጽሩን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄ ያድርጉ። ዘመኑ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንግቶ ሜዳ ላይ የሚቆምን ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» የሚያሰኝ ነው። ቀበሌውንም ሚሊሻውንም የአካባቢውን ሽማግሌም አስቀድመው ያሳውቁ። ወፍ ነው የምቆጥረው ማለት ለብቻው እንደ ማብራሪያ አይበቃም፤ እንዲያውም ጥርጣሬ ያባብሳል። መነጽሩን ለጠየቀዎት ሁሉ ያውሱት። በቅርበት የሽመላን ቀይ አናት ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ እርስዎን አይጠረጥርም፤ መነጽሩን ግን ላይመልስ ይችላል።

የሚከብደው ከገበሬው ጋር ያለው ጉዳይ ነው። ፎገራ ድሮ በከብቱ የታወቀ የግጦሽ ሜዳ ነበር። ሩዝ በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አጋዥነት ሥር ከሰደደ ወዲህ ግን ውኃ ያቆረው ሁሉ ማሳ ሆነ፤ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንኳ ያለው ወረታ ነው። ሩዙ ሲነሣ ሽምብራና ጓያ ይከተላል፣ በመስኖ ሽንኩርት ይተከላል፣ ሞተር ከረግረጉ ውኃ ይስባል። ሸሸርና ወላላ በየዓመቱ እየጠበቡ የመጡት በዚህ ነው። በሐይቁ በኩል ደግሞ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታየው እምቦጭ አለ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ለሽመላውም ለሞተሩም አልተነበበላቸውም። ሽመላው ማደሪያ ውኃው ሲጠብበት ወደ በቀለው ሽምብራ ይጠጋል፤ ገበሬው ልጁን ያስነሣበታል። ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ እርጥበት ነው፤ እኔ እዚህ ላይ ለማን እንደምፈርድ አላውቅም፣ እርስዎም ቢሆን ወረቀት ይዘው እንደ ዳኛ አይቁሙ።

ስለዚህ ገበሬው ወደ እርስዎ ሲመጣ ቀድመው ሰላምታ ይስጡ፤ ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁ፤ ስለ ወፉ እሱ እስኪያነሣ ይጠብቁ። «ስንት ሆኑ?» ሲልዎት ቁጥሩን ሳይደብቁ ይንገሩት። ቀጥሎ የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ «ከግማሽ ቃዳ ሽምብራዬስ ስንት በሉ? እሱንም ይጣፉልኛ!» የቆጠራው ቅጽ ለሽምብራ ቦታ የለውም። በኅዳጉ ላይ እንደነገረዎት አድርገው ይጻፉት፣ ያስፈርሙት፣ ከሽመላው ቁጥር ጋር አብረው ይላኩት።