የወንጭፍ ማሻሻያ ለጀማሪ

ወንጭፍ ሁለት ገመድና በመካከላቸው ሰፋ ያለ የድንጋይ ማረፊያ ያለው መሣሪያ ነው። የአንደኛው ገመድ ጫፍ ጣት በሚገባበት ቀለበት ያልቃል፤ የሁለተኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ ድንጋዩ ሲወጣ ይለቀቃል። በመንዝ ደጋ የገብስ ጠባቂ ጭላዳ ያባርርበታል፤ ወደ መርሐ ቤቴ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ማማ ላይ የቆመ ልጅ ማሽላውን ከወፍ ይከላከልበታል። በሁለቱም አገር የጀማሪ ችግር አንድ ነው፤ ጭላዳውን ወይም ወፉን ስቶ የጎረቤት ቆርቆሮ ያገኛል። ስለዚህ ማሻሻያ ያስፈልጋል።

ማሻሻያ ከድንጋዩ ይጀምራል። ጀማሪ እግሩ ሥር ያገኘውን ያነሣል፤ አንዱ እንቁላል ያህላል፣ አንዱ ቡጢ፣ አንዱ ለቤት መሠረት የተጠረበ ይመስላል። በየውርወራው ክብደቱ የሚለዋወጥ ድንጋይ እጅን አያስተምርም። ከወንዝ ዳር መጠናቸው የተቀራረበ ድብልብል ድንጋዮችን ለቅሞ በጋቢ ጫፍ መቋጠር ምንም ገንዘብ የማያስወጣ፣ በዚያው ልክም ማንም የማይሞክረው ማሻሻያ ነው። የጥንት ግሪኮች ነገሩን ስለተረዱ እርሳስ አቅልጠው በቅርጽ ማውጫ የወንጭፍ ጥይት ያወጡ ነበር። አንዳንዱ ላይ «ተቀበል» የሚል ቃል ጽፈውበታል፤ አዝማሪ እንደሚለው መሆኑ ነው፣ ተቀባዩ ግን ግጥም የሚመልስበት ጊዜ አልነበረውም።

የወንጭፍ የሩቅ ዘመድ የሆነው የመጫወቻ ጠመንጃም ሕግ ይኸው ነው። ቶኪዮ ማሩይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያወጣው በባትሪ የሚሠራ መጫወቻ ጠመንጃ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የፕላስቲክ ድቡልቡል ይተኩሳል። ልምድ ያለው ተጫዋች ጀማሪውን «መጀመሪያ ጥይትህን ለውጥ፤ 0.20 ግራሟን ትተህ ጥሩ 0.25 ግራም ግዛ» ይለዋል። ጀማሪው አመስግኖ ይሄድና ጠንካራ ሞላ ይገዛል።

ሁለተኛው ማረፊያው ነው። ጠባብ ከሆነ ድንጋዩ ሳይዞር ይወድቃል፤ ሰፊ ከሆነ ሲለቀቅ ያንቀራፍፋል። በመጫወቻው ጠመንጃ የማረፊያውን ሥራ የምትሠራው በርሜሉ መግቢያ ላይ ያለች ትንሽ ጎማ ናት፤ ጥይቷን ከላይ ዳበስ አድርጋ ወደ ኋላ እያሽከረከረች ስለምትሰድዳት ቶሎ አትወድቅም። ዋጋዋ ከሁሉ ያነሰ፣ ጥቅሟ ከሁሉ የላቀ ነው፤ ስለማትታይ ግን ጉረኛ አይገዛትም።

ሦስተኛው ገመዱ ነው። ሁለቱ ወገኖች ተስተካክለው መዘርጋት አለባቸው። በመንዝ ጌራ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው ጓሳ ስሙን ያገኘበት ሣር ለቤት ክዳንም ለገመድም ያገለግላል፤ ቃጫም ጠፍርም አለ። ናይለን ይለጠጣል፣ ይንሸራተታልም፤ ዝናብ የጠገበ ጠፍርም እንደ ሰነፍ ምስክር ቃሉን ይለዋውጣል።

አራተኛው አለቃቀቁ ነው። ከትከሻ እስከ ድንጋዩ አንድ ሜትር ተኩል ሆኖ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ቢዞር ድንጋዩ በሰከንድ 19 ሜትር ያህል ይወጣል። ጣት የሰከንድ አንድ መቶኛ ብቻ ቢዘገይ አቅጣጫው 7 ዲግሪ ይዛነፋል፤ ይህም 30 ሜትር ላይ 4 ሜትር ያህል መሳት ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት 700 ግራኞች ጠጉር እንኳ አይስቱም ተብሎላቸዋል። ጭላዳ ከጠጉር በብዙ ይሰፋል፤ ያም ሆኖ ይሳታል።

የመጨረሻው ክንድ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። እዚህ ላይ ከማንኛውም ወንጭፍ ጋር አብሮ የሚገኝ፣ የትም የማይሸጥ ተጨማሪ ዕቃ ይመጣል፤ መንገደኛው። ልጁ ሁለት ጊዜ እንደሳተ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከአጥሩ ጀርባ ብቅ ይላል። «ምን ትለሳለሳለህ! እስኪ አምጣው።» ልጁ «እንኩ ጋሼ» ይላል፤ ሌላ ምን ይበል? ጋሼ ኩታውን ይጥላል፣ ገመዱን ያስረዝማል፣ ቡጢ የሚያህለውን ድንጋይ ይመርጣል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሳኦልም ለዳዊት የናስ ቁር ደፍቶለት፣ ጥሩር አልብሶት፣ ሰይፍ አስታጥቆት ነበር። ዳዊት ግን ጥቂት ለመራመድ ሞከረና አውልቆ መለሰ፤ ከወንዝ አምስት ድብልብል ድንጋይ መርጦ ሄደ። የመጀመሪያውን ማሻሻያ በትክክል ያደረገ ጀማሪ እሱ ነው። የሚያናድደው ታሪኩን በየዓመቱ የሚሰማ ሰው ሁሉ ራሱን ዳዊት ማድረጉ ነው። ሳኦል ነኝ የሚል የለም! በየአጥሩ ጀርባ ቆሞ፣ ያልተጠየቀውን እየመከረ፣ የልጅ እጅ ገና ሳይለምድ ወንጭፉን የሚነጥቅ ሰው ግን ሞልቷል። ያስረዘመውን ገመድ እንኳ ወደ ነበረበት አይመልስም። አደጋም አለው፤ 50 ግራም ድንጋይ እንኳ በሰከንድ 19 ሜትር ሲወጣ 9 ጁል ያህል ይይዛል፤ በሰከንድ 100 ሜትር የምትወጣው 0.20 ግራም የመጫወቻ ጥይት የምትይዘው 1 ጁል ብቻ ነው። ለእሷ መነጽር ግዴታ ነው፤ ለጋሼ ድንጋይ «ዞር በሉ» እንኳ አይባልም።

ደግነቱ ጋሼም ይስታል። ትከሻውን እያሻሸ «ድሮ እንዲህ አልነበርኩም» ይላል፤ ምናልባትም እውነቱን ነው፤ እሱም በልጅነቱ ከማሳ ዳር ቆሞ ወንጭፉን የተነጠቀ ይሆናል። ከዚያ ወሬው ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ በግ ዋጋ ይዞራል፤ ገመዱም እንደረዘመ ይቀራል።

ጭላዳ ኑሮው ሣር ነው፤ ገብስም ለእሱ ፍሬ ያለው ሣር ነው። ማባረር እንጂ መምታት አያስፈልግም። ሲመሽ ሊያድር ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ ወንጭፉ ቢሻሻልም ባይሻሻልም።