ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት

የወጥ ቤትዎ ካቢኔት በሩ ወልቆ መጋረጃ ከተሰቀለበት ስንት ጊዜ ሆነው? አይፈሩ፣ ለማንም አልናገርም። እኔ ቤት ሁለት ፋሲካ አልፎታል። አናጺው ለስድስት በር ቀብድ የተቀበለኝ ሑዳዴ ሲገባ ነበር። «ለፋሲካ ይደርሳል» አለኝ። የትኛው ፋሲካ ብዬ አለመጠየቄ የራሴ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ በሩን ራስዎ ይሥሩት። የሚያስፈልግዎ አንድ ራውተር፣ ጥቂት ጣውላ፣ አንድ ባዶ ቅዳሜ እና ዘመድ ጥየቃ ክፍለ አገር የሄደ የትዳር ጓደኛ ብቻ ነው።

ራውተር ሲባል ልጆችዎ ግድግዳው ላይ ወደሚያብለጨልጨው ሳጥን ያዩ ይሆናል። ያኛው አይደለም። ይኼኛው ኢንተርኔት አያመጣም፤ ሲነሳ ግን መሥራት መጀመርዎን ሰፈሩ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይሰማል። ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር ነው። ከሥሩ ፑንታ በማቀፊያ ይታሰርበታል፤ ፑንታው በደቂቃ እስከ 24,000 ጊዜ እየዞረ የእንጨቱን ጠርዝ ይበላል፣ ቦይ ያወጣል፣ ጌጥ ይቀርጻል። ሞተር ሳይመጣ በፊት ቦይ የሚያስተካክል የእጅ መሣሪያ ነበረ። ከመሐሉ አንዲት ስለት ብቻ ብቅ ስለምትል የእንግሊዝ አናጺዎች «የአሮጊት ጥርስ» ይሉት ነበር። አሮጊቷ ትዕግሥተኛ ነበረች። የልጅ ልጇ ግን ጣትና ጣውላ አይለይም፤ መነጽር ያድርጉ፣ ጆሮዎን ይድፈኑ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ።

ራውተሩን ከየት ያገኛሉ? እዚህ ጋ ልምዴን ላካፍልዎ። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ «ምን ልላክልህ?» ስትለኝ እንደ ሰው ጫማ አላልኩም፤ ራውተር አልኩ። መጣ። የሚያምር ዕቃ ነው። ማስፋፊያ ገዝቼ፣ ጎረቤት ሰብስቤ ሰካሁት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ሞተሩ ለሦስት ሰከንድ ያህል ዕድሜውን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ጮኸው፤ ከዚያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ፣ ከዚያ ጸጥታ። እርስዎ ግን ብልህ ነዎት፤ ትራንስፎርመር ይገዛሉ። ራውተሩ 1,500 ዋት ከሆነ ትራንስፎርመሩ 2,000 ዋት እንኳ ይቻል፤ ለማንሳት ሁለት ሰው ይጥሩ። ሌላም አለ። የአሜሪካው ትልቅ ፑንታ እግሩ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአውሮፓው ብዙ ጊዜ 12 ነው። 12.7ቱ የ12 ማቀፊያ ውስጥ አይገባም፤ 12ቱ ደግሞ የ12.7 ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ እየሠሩ ሳለ ይወጣል። ሁለተኛውን አይሞክሩት፤ ይህን ያለ ቀልድ ነው የምልዎ።

አሁን ቋንቋ ይማሩ። ዕቃ ሊገዙ ሲሄዱ ጣውላ፣ ኮላ፣ ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ፑንታ፣ ስቱኮ፣ ሰጋቱራ ይላሉ። የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአናጺው ቤት መዝገበ ቃላት ግን እስካሁን አልወጣም። እነዚህን ሰባት ቃላት ረጋ ብሎ የሚጠራ ሰው ዋጋ አይጨመርበትም ይባላል። እኔ ሰባቱንም ጠርቼ ተጨምሮብኛል፤ ምናልባት ፊቴ ነው።

ለጣውላው ዋንዛ ካገኙ እሰየው። ይላጋል፣ ብዙ አይጣመምም፣ ቀለሙም ያምራል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ ሳይደርቅ ከሠሩበት ግን በሩ በጥቅምት አንድ ቅርጽ፣ በሐምሌ ሌላ ቅርጽ ይኖረዋል።

ወደ ልኬቱ እንሂድ፤ ሰው የሚዋረደው እዚህ ነው። በሩ 450 በ700 ሚሊ ይሁን። ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ፣ ላይና ታች ሁለት አግዳሚ፣ መሐሉ ላይ ፓኔል። ቋሚዎቹ እያንዳንዳቸው 60 ሚሊ ስፋት ካላቸው መሐላቸው የሚቀረው 330 ነው። እዚህ ላይ ደስ ብሎዎት መጋዝ እንዳያነሱ! የአግዳሚው ጫፍ ምላስ አለው፤ ምላሱ በግራም በቀኝም 10 ሚሊ የቋሚው ቦይ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አግዳሚው 350 ነው። የመጀመሪያውን በሬን በ330 ቆርጬ እጅግ የተዋበ፣ ከካቢኔቱ አፍ ግን በሁለት ሳንቲም የጠበበ በር ሠርቻለሁ። በተረፈው ክፍተት የቤታችን አይጥ ሳትጎነበስ ትመላለስ ነበር።

ፑንታዎቹ ለዚህ ሥራ በጥንድ ይሸጣሉ፤ አንዱ በጠርዙ ላይ ጌጡንና ቦዩን ያወጣል፣ ሌላው የአግዳሚውን ጫፍ የዚያ ተቃራኒ አድርጎ ይቀርጻል። ከአግዳሚው ጫፍ ይጀምሩ፤ ከኋላው ቁራጭ እንጨት ያስደግፉ፣ አለዚያ ፑንታው ሲወጣ ጥግ ገንጥሎ ነው የሚሄደው። ሁልጊዜ በቁራጭ ይሞክሩ። ራውተሩን ከጠረጴዛ ሥር ገልብጠው አስረው ሲሠሩ እንጨቱን ከቀኝ ወደ ግራ ይግፉ፤ ማለትም ፑንታው ወደርስዎ ሲመጣ እንጨቱ ፊት ለፊት ይግጠመው። አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ ከፈቀዱላቸው መርካቶ ውስጥ ስልክ እንደሚነጠቀው ጣውላውን ከእጅዎ ይነጥቅዎታል፤ ተከትሎ የሚሄደው እጅዎ ነው።

የፓኔሉን ዳር የሚያዘነብለው ትልቁ ፑንታ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ስፋቱ 80 ሚሊ ነው እንበል። በደቂቃ 24,000 ቢዞር ዳሩ በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በዚህ ፍጥነት አዲስ አበባ አዳማ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ወደ 10,000 ወይም 12,000 ዝቅ ያድርጉት። በአንድ ጊዜ አይብሉት፤ ሦስት አራት ጊዜ እየመለሱ ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ። መጀመሪያ የፓኔሉን ላይና ታች፣ ከዚያ ጎኖቹን፤ ጫፉ ላይ የተገነጠለውን የጎኑ ቆረጣ ያጸዳልዎታል። የፓኔሉ ስፋት 350 ሳይሆን 346 ይሁን፤ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይከሳል፣ መተንፈሻ ይፈልጋል። በዚሁ ምክንያት ፓኔሉን በኮላ አያጣብቁት። ኮላው ለአራቱ ጥጎች ብቻ ነው። ያጣበቁት ፓኔል አንድ ሌሊት «ቷ!» ብሎ ይሰነጠቃል፤ እርስዎም ሌባ የገባ መስሎዎት በፒጃማ ይወጣሉ።

ከመገጣጠምዎ በፊት ፓኔሉን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ቫርኒሽ ይቀቡት። «ከተገጣጠመ በኋላ አንድ ላይ እቀባዋለሁ» ያለ ሰው በጥር ወር ከፓኔሉ ዳር ነጭ መስመር ብቅ ትልበታለች፤ ቫርኒሽ ያልነካት የእንጨቱ ገላ ናት። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ የእኔን ሁሉም አይተዋታል። ከዚያ በሞርሳ ያስሩና ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ይለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ በሩ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ይህን የሚያውቁት ኮላው ሳይደርቅ ቢሆን ይሻላል። ለማጠፊያው 35 ሚሊ ቀዳዳ ከጀርባ ይቦርቡሩ፤ በፊት በኩል እንዳይወጣ ጥልቀቱን ይለኩ። ወጣብዎት? ስቱኮ ለዚህ ነው የተፈጠረው።

ቅዳሜው አልበቃም፤ አይደል? መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሰጋቱራው ሽሮ ውስጥ ገባ፣ የትዳር ጓደኛዎ ከክፍለ አገር ተመለሱ። እኔ ቤት ከስድስቱ አንዱ በር ተገጥሟል፤ አምስቱ ላይ መጋረጃው እንዳለ ነው። ያቺ አንዷ ግን ስትከፈት እንኳ ድምፅ የላትም። ለመጣ ሰው ሁሉ ከፍቼ እዘጋታለሁ፤ እርስዎም ያደርጉታል።

ችግሩ ታዲያ ከታች ቤት ያሉት እማማ ማየታቸው ነው። በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉና «የእኔ ልጅ፣ ለእኔም ብፌዬ በር የለውም እኮ» ይላሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ይፈታሉ። የታጠፈ ብር ይዘረጉልዎታል። አይቀበሉ ብዬ እመክርዎ ነበር፤ ግን እጅዎ ቀድሞ ተዘርግቷል። «ለመቼ ይደርሳል?» ሲሉዎት አፍዎ እርስዎን ሳያማክር ይመልሳል።

«ለፋሲካ።»