ቀጠረኝ

አሜሪካኖች ቅኔ አያውቁም የሚል ሰው ሕጋቸውን አላነበበም። ይህን የሚሉት የኔታ ናቸው። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ሲዘርፉ አድገው፣ ዛሬ ዋሽንግተን ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት የፓርኪንግ ትኬት ሲቆርጡ ይውላሉ። ከመስታወቷ ክፍላቸው ውስጥ ዳዊታቸው አለ፤ ከዳዊቱ ሥር ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕግ። ከሥራ ስወጣ ጎራ እላለሁ፤ እሳቸውም መኪና እስኪመጣ ያስቀጽሉኛል።

«ሰሙን ማንም ያየዋል። አንተ ልጅ፣ ወርቁን ቆፍር» ይሉኛል።

የጀመርነው ከ1952ቱ ሕግ ነው፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ወረቀት የሌለውን ሰው መሸሸግና ማስጠለል ወንጀል ነው ይላል። እዚህ ድረስ ደረቅ ሕግ ነው፤ ሰምም ወርቅም የለውም። ቀጥሎ አንዲት ሐረግ ትመጣለች፦ ማሠራት እንደ መሸሸግ አይቆጠርም። ይህች ሐረግ በቴክሳስ ስም ትጠራለች፤ የቴክሳስ ባለ እርሻዎች ስለወደዷት።

የኔታ ሲያነቧት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያሳደረ ይከሰስ፣ ያዋለ ይመስገን! ሰውየው ማታ ሰው ነው፤ ሲነጋ ጉልበት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጉባኤ ቃና ዋሸራም አልሰማሁ።»

ጉባኤ ቃናው ሠላሳ አራት ዓመት ኖረ። ከዚያ ኖቬምበር 6 ቀን 1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የማሻሻያውን ሕግ ፈረሙ፤ የዋዮሚንጉ ሴናተር ሲምፕሰንና የኬንታኪው እንደራሴ ማዞሊ ለዓመታት የደከሙበትን። ከእንግዲህ ወረቀት የሌለውን ሰው እያወቀ የቀጠረ ይቀጣል ተባለ፤ ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሠራተኛ ከ250 እስከ 2000 ዶላር። ሕጉም ሥራ ላይ ዋለ። ሠራተኛውም ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ማታ የት እንደሚያድር ግን የኔታም አልደረሱበትም።

ወርቁ ያለው «እያወቀ» ከምትለዋ ቃል ሥር ነው። እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሳህን አጥብበት ከነበረ ወጥ ቤት ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ዓይኑ ደካማ ስለሆነ መነጽር አይለየውም። በመነጽሩ የሽንኩርት ደረሰኝ ላይ የጎደለች ሃያ ሳንቲም ከሩቅ ይለቅማል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ሥራ ፈልጎ መጣ። ለቅጥር የሚሞላው ቅጽ ወጣ፤ ልጁም ካርዱን ከኪሱ አወጣ። ካርዱ አዲስ ነው፤ ጠርዙ ገና አልተላገም፣ ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ምን አደረገ? መነጽሩን አወለቀ። በሽርጡ ጫፍ ቀስ ብሎ ወልውሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ነው ካርዱን አንስቶ ያየው።

«ጥሩ ነው» አለና ፈረመ።

አልዋሸም፤ ሕጉም ከዚህ በላይ አይጠይቀውም። ወረቀቱ ከፊቱ ሲታይ እውነተኛ ከመሰለ በቃ። እንዲያውም «ይሄ አይበቃም፣ ሌላ አምጣ» ብሎ ልጁን ቢያስጨንቀው አድልዎ ፈጸመ ተብሎ ራሱ ሊከሰስ ይችላል። ፊት አይቶ ማዳላት ክልክል ነው፤ የወረቀት ፊት ማየት ግን ግዴታ ነው። ጨዋ ሕግ ነው፤ እንግዳውን ከየት መጣህ ብሎ አያሸማቅቅም።

ካርዱ የውሸት፣ ስሙም የሰው ነበር። ከደመወዙ በየሁለት ሳምንቱ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ ግን አንድ ሳንቲም የውሸት አልነበረበትም። ስሙና የሶሻል ቁጥሩ ያልገጠመ ሰው ደመወዝ በመንግሥት ዘንድ ለብቻው በአንድ መዝገብ ይሰፍራል፤ መዋጮው ግን ከሌላው ጋር ከአንድ ቋት ይገባል። ገንዘቡን ወረቀት የጠየቀው የለም።

በስድስተኛው ወር ልጁ የትርፍ ሰዓቱን ጠየቀ። በሳምንት ስልሳ ሰዓት እየሠራ የአርባ ይከፈለው ነበር። ባለቤቱ ዝም ብሎ ሰማውና እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። መነጽሩን አደረገ።

«እስቲ ያቺን ካርድህን አምጣት» አለው።

ልጁ በማግስቱ አልመጣም። ቅዳሜ ስለነበር ሳህኑን ሁሉ ለብቻዬ አጠብኩ።

ይህ የአንድ ወጥ ቤት ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሲያስተባብር ተባረረ። የሠራተኛ ጉዳይ ቦርዱ ማባረሩ ሕገወጥ ነው ብሎ ወደ 67 ሺህ ዶላር ውዝፍ ደመወዝ ፈረደለት። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ2002፣ ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ መነጽራቸውን አደረጉ። ሰውየው ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ውዝፉ አይከፈለውም። ፋብሪካው ሕግ ጥሶ ማባረሩ እንደ ጸና ነው፤ ገንዘቡም ከፋብሪካው ኪስ እንደ ጸና ነው።

ለካ የ1986ቱን ምሕረት ዘልዬዋለሁ። ምሕረት አልነበረም እንዳይባል፤ ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት ወጥቶለታል። ከ1982 በፊት ገብቶ የኖረ መኖሩን አስመስክሮ ተማረ። በእርሻ የዋለ ግን ይህን ሁሉ ዓመት አልተጠየቀም፤ በ1985 እና በ1986 ግንቦቶች መካከል ዘጠና ቀን ቶሎ በሚበላሽ ሰብል ላይ መሥራቱን ካሳየ በቂው ነበር። ቶሎ የሚበላሸው የቱ ነው? የግብርና ሚኒስቴር ተቀምጦ ዘረዘረ። ፍራፍሬና አትክልት ይበላሻል። ትምባሆ ይበላሻል። የቢራ ጌሾና የገና ዛፍ ይበላሻል። ስኳር የሚወጣው የቀይ ሥር ዘመድ ይበላሻል፤ ስኳር የሚወጣው ሸንኮራ አገዳ ግን አይበላሽም። ስለዚህ ሽንኩርት የነቀለ ዳነ፣ ሸንኮራ የቆረጠ ቀረ። የሰውየው ወገብ ቶሎ ይበላሽ እንደሆነ በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ማርም አይበላሽም ተብሏል። ማር ላይ የዋለ አልተማረም።

የኔታ እዚህ ላይ ትኬት የሚጠብቀውን መኪና ረስተው ሳቁ። «ማሩን ገፍተው ሰሙን ከየት ሊያመጡት ነው?» አሉ። ቀጥለውም ይችን ጣሉ፦

በችሎት ካላየህ የመንግሥት ምሕረቱን፣
ዘጠና ቀን ብቻ ወርደህ እይ ማረሱን።

የመጨረሻዋን ቃል ሰብሮ ማንበብ የአንባቢ ፋንታ ነው።

ያው ሕግ የኢሚግሬሽን ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ወይም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሜዳ እርሻ ገብቶ ሠራተኛ እንዳይጠይቅም ከልክሏል። አጥር የሌለው ማሳ በር ወጣለት ማለት ነው።

ባለፈው የ2013ቱን ረቂቅ ይዤላቸው ሄድኩ። ለአሥራ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የወረቀት መንገድ ይከፍታል የተባለለት፣ ቀጣሪውም የሠራተኛውን ማንነት በኮምፒውተር እንዲያጣራ የሚያስገድድ ነው። ሴኔቱ በ68 ለ32 አሳልፎት ነበር።

«የተወካዮቹስ?» አሉ የኔታ።

«ድምፅ ሳይሰጡበት ዘመናቸው አለቀ።»

ሁለት መኪና እስኪያልፍ ዝም አሉ። ከዚያ ከአንድ ያገለገለ ትኬት ጀርባ ላይ ጽፈው ሰጡኝ፦

ደጅ ስጠና ኖሬ መቼ ባዶ ሸኘኝ፤
ሸንጎው ዓመት ዓመት ሳይታክት ቀጠረኝ።

ትኬቷ አሁንም ከኪሴ ናት። በዚያ ሰሞን በቀድሞው ምግብ ቤት በር ሳልፍ መስታወቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፤ ሳህን አጣቢ ይፈለጋል ይላል። ባለቤቱ ባንኮኒው ጋ ቆሞ መነጽሩን እየወለወለ ነበር።