ቱሪስቱ እስኪመጣ እንሰብሰብ

ባሕር ዳር ቱሪስት ቢጠፋባት ስለ ቱሪስት የሚሰበሰብ ሰው ጠፍቶባት አያውቅም። ለዚህ የቱሪዝም ኃላፊዎቻችን ሊመሰገኑ ይገባል። ፈረንጁ ሲቀር የሐይቅ ዳር ሆቴሎች ጾማቸውን እንዳያድሩ የደረሰላቸው «የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ» ነው። የመድረክ እንግዳ ወቅት አይመርጥም፤ ሙቅ ውኃ የለም ብሎም አያኮርፍም። አበሉ በጊዜው ይከፈለው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሥርዓቱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ባነር ይሰቀላል። የክብር እንግዳው አርፍደው ይደርሱና «ክልላችን ያልተነካ የቱሪዝም ሀብት ባለቤት ነው» ይላሉ። ያልተነካ ለመሆኑ እኛም ምስክር ነን፤ ማን መጥቶ ይንካው? ከዚያ የሻይ እረፍት፣ የቡድን ውይይት፣ ምሳ። ከላሊበላ የመጣ አስጎብኚ እጁን አውጥቶ «ኮሮናው አለፈ ስንል ጦርነት፣ ጦርነቱ አለፈ ስንል ሌላ ጦርነት፤ እንግዶቼ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ሲሉኝ ምን ልመልስ?» ብሎ ቢጠይቅ ሰብሳቢው በትሕትና «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ከአጀንዳችን ውጭ ነው» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። አጀንዳው የቱሪስት ፍሰትን ማሳደግ ነው፤ የቱሪስቱ በሰላም መድረስ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው።

በማግስቱ የመስክ ጉብኝት አለ፤ ወደ ጢስ ዓባይ። የፏፏቴው ውኃ ከበላዩ ተጠልፎ ወደ ማመንጫ መግባት ከጀመረ ቆይቷል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጣና ለበለስ ማመንጫም ያካፍላል። መብራት ያስፈልገናል፤ በዚህ ጠብ የለንም። ጥበቡ ያለው ብሮሹሩ ላይ ነው። ፎቶው የሚነሣው ነሐሴ ላይ፣ ዓባይ ገደሉን ሞልቶ ጢሱ ሲትጎለጎል ነው። ቱሪስቱ የሚጋበዘው ግን ጥር ላይ፣ ለጥምቀት ነው። ምስኪኑ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆምና አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ደረቁን ድንጋይ ያያል። አስጎብኚው ልጅ ምን ያድርግ? «በክረምት ተመለስ» ይለዋል። የድሮዋ የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ያለው ፏፏቴ ብቻ ጠብታ አልጎደለበትም። እንግዳውን እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ኖቷን አሳይቶ መሸኘት ቢያንስ ነዳጅ ይቆጥባል።

ጣናም ቢሆን ፎቶ አያሳፍርም። እምቦጭ አረሙ ጀልባ ቢያግድ፣ ዓሣ አጥማጁን ቢያስለቅስ፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ለብሮሹር ሽፋን ይሆናል።

ደግነቱ መፈክር አይነጥፍብንም። የቀድሞው የቱሪዝም ኃላፊ ሀብተሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» ብለው አገሪቱን ሲያስተዋውቁ ከመፈክሩ ጋር የሰሜኑን ታሪካዊ የጉብኝት መስመርም አብረው አስይዘው ነበር። አላስፈላጊ ድካም! በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» ሲተካ እኛ ምሥጢሩን ደርሰንበታል፤ መፈክሩ ከተለወጠ የጎብኚው መጸዳጃ ቤት መለወጥ የለበትም።

እንግዲህ እኔም እንደ ባለድርሻ አካል የአቋም መግለጫዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ የጎብኚ ቁጥር በስብሰባ ተሳታፊ ቁጥር ይለካ፤ አፈጻጸማችን ከመቶ ፐርሰንት በላይ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ «የባነሩ ገንዘብ ለጀልባ ነጂዎችና ለአስጎብኚዎች ይዋል» የሚሉ ወገኖች ቲሸርት ተሰጥቷቸው ዝም ይበሉ።

ሦስተኛ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ የመስተንግዶ ሥልጠና ላይ ስለሆነ፣ እስኪመለስ ቱሪስቱ ይታገሥ።

አራተኛ፣ በዚህ ሁሉ መሐል ድንገት አንድ ቱሪስት ቢከሰት በማን በኩል እንደምንቀበለው የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋም፤ ኮሚቴውም ግኝቱን በሚቀጥለው ዓመት መድረክ ላይ ያቅርብ።