ክራሩን ያስቀምጡልኝ

አንድን የጥበብ ሰው ለፖድካስት ጋብዞ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ማይክ ፊት አስቀምጦ፣ ምንም ሳይሰሙት መሸኘት ይቻላል። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሄጄበታለሁ። ስለዚህ ጨዋታው እንዴት እንደሚበላሽ ልምከራችሁ፤ እናንተ ግን ምክሩን ገልብጣችሁ አንብቡልኝ።

ከሁሉ በፊት የእንግዳችሁን ሥራ አትዩ፣ አትስሙ። ሙዚቀኛ ከሆነ፣ ብዙ ተመልካች ያገኘለትን አንዱን ዘፈን እስከ አዝማቹ መስማት ይበቃል። ሠዓሊ ከሆነ ሥዕሉን ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ በስልካችሁ እዩት። አፍሪካ አዳራሽ ያሉትን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕሎች በስልክ ያየ ሰው ሦስት ያማሩ ምስሎችን ያያል። ፊታቸው ሄዶ የቆመ ግን ሦስቱ በድምሩ 150 ካሬ ሜትር መሆናቸው ምን ማለት እንደሆነ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ይገባዋል፤ ከውጭ ያለው ብርሃን ሲለወጥ ቀለሙም አብሮ እንደሚለወጥ ያያል። ጥያቄ የሚወለደው እዚያ ነው። አንድን የመስታወት ሠዓሊ «ይህን ቀይ የመረጥከው ለጠዋት ፀሐይ ነው ወይስ ለማታዋ?» ብሎ ለመጠየቅ ጠዋትም ማታም ሄዶ መቆም ያስፈልጋል። ይህ ድካም ነው፤ ድካሙን ለማይፈልግ ሌላ መንገድ አለ።

መንገዱም ይኸውላችሁ፦ እንግዳውን «አንጋፋው፣ ሁለገቡና ተወዳጁ አርቲስት» ብላችሁ ጥሩ፤ ከዚያ «እስቲ ለአድማጮቻችን ራስዎን ያስተዋውቁልን» በሉ። በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር የቤት ሥራችሁን ለእንግዳው አስረከባችሁ። «ወደ ጥበቡ ዓለም እንዴት ገቡ?» ብላችሁ ቀጥሉ። ይህን ጥያቄ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ሲጠይቀው ስለኖረ መልሱን ሳያስብ ይወጣዋል፤ እሱም ያርፋል፣ እናንተም ታርፋላችሁ፣ አድማጭ ግን ከዚህ በፊት የሰማውን ይሰማል። ማሳረጊያው «ለወጣቶች የሚያስተላልፉት መልዕክት?» እና «ማመስገን የሚፈልጉት ካለ?» ነው። ከመካከል አንድም ጊዜ ስለ ሥራው አልተነሣም።

ጌታቸው መኩሪያን አስቡ። ሽለላንና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ ሰው ነው፤ ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር «ሞአ አንበሳ»ን ሲያወጣ እ.ኤ.አ. 2006 ነበር፣ ዕድሜው ሰባን አልፎ። እንዲህ ያለ ሰው ፊታችሁ ቢቀመጥ ፎካሪው ቃሉን ሰብሮ የሚያርፍባት ቦታ በሳክስፎን ትንፋሽ ምን እንደምትሆን ትጠይቁታላችሁ? ወይስ «ሳክስፎን መቼ ጀመሩ?» ትሉታላችሁ? ሁለተኛው ጥያቄ አንድ ዓመተ ምሕረት ያስገኛል፤ ከዚያ በላይ ምንም።

ዓመተ ምሕረቱንም ቢሆን ማበላሸት ቀላል ነው። እንግዳችሁ «በ64 አምሃ ሪከርድስ ሸክላ አሳተመልን» ሲል በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አታጣሩ፤ ለውጭ አድማጭ በምታዘጋጁት መግለጫ ላይ 1964 ብላችሁ አስፍሩት። የእኛ 1964 በፈረንጆቹ 1971 እና 72 ላይ ያርፋል። አምሃ እሸቴ ኩባንያውን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለሆነ፣ በእናንተ መግለጫ ሸክላው ከአሳታሚው አምስት ዓመት ቀድሞ ታተመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስህተት አንዴ ከወጣ ሌላው እየቀዳው ይኖራል፤ የሙዚቃችን ታሪክ በጽሑፍ ስስ ስለሆነ ጉዳቱ ከሌላው አገር ይብሳል።

ቀጠሮም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ላለ እንግዳ «ነገ ሁለት ሰዓት» ብላችሁ ብቻ ላኩለት። የጠዋት ይሁን የማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በእነሱ፣ በክረምታቸው ልዩነቱ ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት መሆኑን እሱ ይጨነቅበት። ክፍሉ ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ይሁን፤ ፍሪጁ ይጩኽ፤ የቀረጻው ባትሪ ተጠባባቂ አይኑረው። የእንግዳውን ዘፈን ሳታስፈቅዱ መሐል መሐል አስገቡ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን እንደሚጠብቅ አታንብቡ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አንድ አዛውንት የክራር ተጫዋች ቤታቸው ሄጄ ቀዳሁ። ጥያቄዎቼን ጽፌያለሁ፣ ማይኩን ሞክሬያለሁ፣ ተዘጋጅቻለሁ ብዬ ነበር። እኔ ስጠይቅ ጣታቸው ክሩን ይነካካል፤ ድምፁ በማዳመጫው ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ሲደጋገም «አባባ፣ ክራሩን ያስቀምጡልኝ፣ ድምፅ እያስገባብኝ ነው» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ወዲያ መልሳቸው «አዎ»፣ «እንደዚያ ነው»፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ሆነ። ደክሟቸው መሰለኝ።

ቤቴ ገብቼ ሳዳምጠው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሌላ ሰው ናቸው። ስለ እናታቸው ስጠይቅ ከአፋቸው ቀድመው ጣቶቻቸው ይጀምራሉ፤ ጥቂት ይቆያሉ፤ ቃሉ ከዚያ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ እኔ ረጅም ጥያቄዬን እያነበብኩ እሳቸው ክሩን እያጠበቁና እያላሉ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ሲቃኙ በግልጽ ይሰማል። ለምን ቅኝቱን እንደለወጡ አልጠየቅኳቸውም፤ ወረቀቴን እያየሁ ስለነበር አልሰማሁም። የሰማሁት ሲረብሸኝ ብቻ ነው፤ ያኔም አስቀምጡት አልኩ።

ከወራት በኋላ ይህንኑ ልጠይቃቸው ተመለስኩ። ቀኝ እጃቸው ታሞ ክራሩ ተሰቅሎ ነበር። ያን ቀን ምን እንደተጫወቱ አላስታወሱም፤ ቀረጻውን ሳሰማቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «እዚህ ጋ ምን ብለሽኝ ነበር?» አሉኝ። እኔም የጠየቅኩትን አላስታወስኩም።

የጥያቄ ወረቀት ያዙ፤ እንግዳው ሲናገር ግን ቀና በሉ። ሠዓሊውን ብሩሾቹ ባሉበት ክፍል፣ ሸማኔውን ከሽመና ዕቃው አጠገብ አግኙት። ሙዚቀኛው መሣሪያውን ይዞ ከመጣ አስቀምጥ አትበሉት፤ አንድ ማይክ ጨምሩለት።