በጆሮ የሚለካ ጎማ

ጎሚስታ ቤት ሄዶ ንፋስ ማስሞላት ሰልችቶኛል። «ስንት ልሙላ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጁ የኮምፕረሰሩን ቱቦ ይሰካና ወሬውን ይቀጥላል፤ ከዚያ ጎማውን በብረት ኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጥና «አሪፍ ነው፣ ሂድ» ይላል። መለኪያ አምጣ ሲባል የሚያወጣው መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ምንም ሳይነካ ቀስቱ 10 ላይ ቆሞ የቀረ ነው። ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም በዚያው ጆሮ ይለካል።

ሹፌሩ ደግሞ ጎማው ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር እያሳየ «ይኸው ፋብሪካው ራሱ ጽፎታል» ብሎ ይሟገታል። ያ ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ለመኪናው የሚስማማው ልክ በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ነው፤ ብዙ መኪና ላይ ለፊትና ለኋላ፣ ለባዶና ለሙሉ ጭነት ለየብቻ ይጻፋል። ወረቀቱ ግን ወይ ተልጧል፣ ወይ ቀለም ተቀብቶበታል። ከተገኘም በባር ይሆንና «2.4 ምን ይሠራል?» ተብሎ ይናቃል፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ መሆኑን የነገረው የለማ።

በዚህ ጎማ ነው እንግዲህ የሚበረው። ከሶዶ አርባ ምንጭ የሚወርደው ሚኒባስ ሁምቦን አልፎ ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኝ ከፊቱ ያለውን ሳይቀድም አያርፍም። ጎማ አስፋልቱን የሚነካው መዳፍ በምታህል ቦታ ብቻ ነው፤ ከልክ በላይ ሲነፋ እሷም ትጠብና መሃሉ ብቻ ይይዛል፣ ጉድጓድ ላይ ይነጥራል፣ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ያነሰው ደግሞ ይብሳል። ጣሪያው ላይ ሙዝ ተከምሮ፣ ውስጡ ትርፍ ሰው ታጭቆ ሲሮጥ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ሲግል ይፈነዳል። ሶዶ ውስጥ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ የምንኖር ሰዎች የመንገድ አደጋን በወሬ አይደለም የምናውቀው፣ ተጎጂው ወደ ሆስፒታሉ ሲገባ እናየዋለን።

ሌላው ያታከተኝ «ቆላ ስንወርድ ንፋስ ይቀነስ» የሚሉት ነገር ነው። ጎማ ሲሮጥ መሞቁ፣ ግፊቱም ጥቂት ፒኤስአይ መጨመሩ ያለ ነው፤ የፋብሪካው ልክ ይህን አስቦ ጠዋት ሳይሞቅ እንዲለካ የወጣ ነው። አርባ ምንጭ ላይ በትኩሱ አስተንፍሶ ማታ ሶዶ የገባ መኪና፣ የዳሞታ ተራራ ብርድ ሲያገኘው በማግስቱ ከልኩ ያነሰ ጎማ ይዞ ይነሳል። ያንኑ ቀን ደግሞ ሰው ይጭናል።

ፍጥነት ሥራቸው የሆኑት እንኳ እንዲህ አይዳፈሩም። በፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ጎማ አቅራቢው ፒሬሊ ለየውድድሩ ዝቅተኛውን የጎማ ግፊት ይወስናል፣ ይህም ይፈተሻል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ሲልቨርስቶን ላይ የመጨረሻዎቹ ዙሮች ውስጥ ጎማ ሲበላሽ፣ ተወዳዳሪው ሃሚልተንም በተነፈሰ ጎማ ጨርሶ ሲያሸንፍ፣ በሳምንቱ እዚያው ለሚደረገው ውድድር ግፊቱ ከፍ እንዲል ተደረገ። እኛ ዘንድ ጎማ ፈንድቶ ሰው ሲጎዳ ስኮርታው ይገጠማል፤ እሱም በጆሮ የተለካ ነው።

ደህና መለኪያ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ተሳፋሪውም ስለ ሂሳብና ስለ መቀመጫ ይጨቃጨቃል እንጂ ስለ ጎማ አይጠይቅም። መናኸሪያ ላይ ረዳቱን «ዛሬ ጎማው ተለክቷል?» ብዬ ስጠይቀው «አይዞህ ጋሼ፣ ጠንካራ ነው» አለኝ። እኔ የጠየቅኩት ስንት እንደሆነ ነበር።