ከታችማ ግሸንንም ተሳልሜያለሁ

የዲማ ሰው ሩቅ አገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚያስበው ጋቢውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ትንሣኤን ኢየሩሳሌም ልንሳለም ስንወጣ እማሆይም ጋቢያቸውን፣ ዳዊታቸውንና በጨርቅ የተቋጠረ የገብስ ቆሎ ይዘው ነበር። እማሆይ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ዲማን ሳያያት ያውቃታል፤ እማሆይ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዲማ ጊዮርጊስ ደጅ ያልራቁ፣ ጉልበታቸውን በስግደት የጨረሱ ሰው ናቸው።

ኢያሪኮ ስንደርስ ጋቢው ሸክም ሆነብን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በታች ከ250 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው የተቀመጠችው። ሙቀቷ ለደገኛ አይቻልም፤ በሚያዝያ ገና በጧቱ ታቃጥላለች። ከበላይዋ ጌታ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የጾመበት ገዳመ ቆሮንቶስ ቆሟል፤ ከገደሉ ወገብ ላይም የግሪኮቹ ገዳም ከዐለቱ ጋር ተጣብቆ ይታያል። እዚያ ድረስ በእግር መውጣት ይቻላል። አቅም ለሌለው ደግሞ ከኤልሳዕ ምንጭ አጠገብ የሚነሳ ኬብል ካር አለ፤ ርዝመቱ 1,330 ሜትር ነው።

እማሆይ ከጉዞው ሁሉ የጓጉት እዚህ ተራራ ላይ ለመውጣት ነበር። ከዓመታት በፊት መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ጉልበታቸው ከዳቸው። ከመስቀለኛው አምባ ሥር ቁጭ ብለው ወጪ ወራጁን ሲያዩ ዋሉ። የወጡት ጠበል ይዘውላቸው ወረዱ፤ እሳቸው ግን «በሰው እጅ ተሳለምሁ» እያሉ ሲያዝኑ ኖረዋል።

በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 8 ነበር። ዒድ አልፈጥር ደግሞ በዚያው ሳምንት፣ ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። እኛ ኢያሪኮ የገባነው በማግስቱ ነው። ከናብሉስ፣ ከኬብሮን፣ ከራማላህ የመጣው ቤተሰብ አዲስ ልብስ የለበሱ ልጆቹን እየጎተተ ጣቢያውን ሞልቶታል። እነሱ ረመዳንን ጾመው ፈትተዋል፤ እኛም ሃምሳ አምስቱን ቀን ጨርሰን ፈስከናል። ጾመኛው ሁሉ ወደ ጾሙ ተራራ የመጣ ነው የሚመስለው። አስጎብኚያችን ሰልፉን አየና፣ «ዛሬ አይደርሰንም፤ ዮርዳኖስም ይቀረናል። ከታች ሆናችሁ ተሳለሙ» አለ። እማሆይ ዞር ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ከታችማ ግሸንንም ተሳልሜያለሁ!»

ሰልፍ ያዝን። ከጓደኞቻችን አብዛኞቹ ቀሩ። ፀሐዩ ሲበረታ ከፊታችን የነበረ አባወራ እማሆይን አያቸውና በእጁ ጠቅሶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር አስቀደማቸው፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ካቢኑ ተነሳ። ከጥንታዊቷ ኢያሪኮ ፍርስራሽ በላይ ስንደርስ ግን ቆመ። ትንሿ ልጅ ማልቀስ ጀመረች፣ እናትየው በአረብኛ ጸሎት ያዘች፣ እማሆይ «በስመ አብ» ብለው አማተቡና ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። እኔ ወደ ታች ማየት አልቻልሁም።

የዚህ ኬብል ካር አሠራሩ እንዲህ መሆኑን ኋላ ሰማሁ፦ ካቢኖቹ በቡድን በቡድን ከገመዱ ጋር ተያይዘው ስለሚሄዱ፣ አንዱ ቡድን ጣቢያ ገብቶ ሰው ሲያወርድና ሲጭን በሰማይ ያለውም አብሮ ይዘገያል። በበዓል ቀን ተሳፋሪውና ወራጁ ብዙ ነውና ጥበቃው ይረዝማል። ያኔ ይህን የነገረን አልነበረም። እማሆይ ቋጠሮውን ፈትተው ለልጅቷ ቆሎ ዘገኑላት። አኝካ ሳትጨርስ ገመዱ ተነቃነቀ።

ከላይም ደረጃ አለ፤ ደግፌ አወጣኋቸው። በሩ ዘንድ ስንደርስ ገዳሙ ለቀትር ተዘግቷል። ግድግዳው ጥግ ተጠግተን ጠበቅን፤ ጋቢው ያን ጊዜ ለመቀመጫ ዋለ። ሲከፈት ሕዝቡ ተጋፍቶ ገባ። ጌታ ተቀመጠበት የሚባለውን ድንጋይ እማሆይ በግንባራቸው ነክተው ተሳለሙ፤ ያለቀሱትን ልቅሶ እኔ ብቻ አየሁ።

የተራራው ድካም ራሱ ጸሎት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ጉልበት ላለው እውነት ነው። ጉልበቱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ የጨረሰን ሽማግሌ ግን «ከታች ተሳለም» ማለት ግፍ ነው፤ እኛ አገር ይህን ግፍ ለምደነዋል።

ስንወርድ አውቶቡሱ የለም። ሌሎቹን ይዞ ዮርዳኖስ ወርዶ ነበር። ሊወስደን የተመለሰው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ እማሆይ ዮርዳኖስን ሳያዩ ቀሩ። በመንገድ ላይ ከታች ለቀሩት ያዩትን ሁሉ ሲነግሯቸው ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ በመስከረም ግሸን በበቅሎም ቢሆን ትወስደኛለህ።»

«እወስድዎታለሁ፣ እማሆይ።»

በሐምሌ መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ተነሳ። መስከረም 2016 ሲጠባ ከዲማ ወጥቶ አባይን መሻገር የሚታሰብ አልነበረም። እማሆይን እስካሁን ግሸን አልወሰድኋቸውም።